ሁሉም የወደደው፣ ልጆቹን ግን ከመጠጥ ያላራቀው ትምህርት

ልጆችን ከመጠጥና ከዕፅ ለመጠበቅ በትምህርት ቤት ከሚሰጡ ትምህርቶች መካከል ፖሊስ ክፍል ገብቶ እንደሚያስተምረው የአሜሪካው ዴር (D.A.R.E.) የተስፋፋ ጥቂት ነው። እንደ እሱ በተደጋጋሚ የተመረመረም ጥቂት ነው። የጀመሩት ለልጆች ከልባቸው የሚያስቡ ሰዎች ነበሩ። ወላጅ ወደደው፣ መምህር ወደደው፣ ፖሊስ ወደደው፣ ፖለቲከኛም ወደደው። ልጆቹ ካደጉ በኋላ ሲታዩ ግን ትምህርቱን በወሰዱትና ባልወሰዱት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ? መልሱ ዛሬ አዲስ አበባ ላለ ርዕሰ መምህርም፣ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖር ወላጅም ይጠቅማል። ስለዚህ ታሪኩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ከሎስ አንጀለስ ወደ መላው አገር

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1983 ሎስ አንጀለስ ነው። ከዚያ በፊት የከተማዋ ፖሊስ ለዓመታት ሌላ ዘዴ ይጠቀም ነበር። ልጅ የሚመስሉ ወጣት ፖሊሶችን ደብተር አስይዞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስገባል። ተማሪ መስለው ዕፅ ይገዛሉ። የሸጠላቸው ልጅ ይያዛል። እስሩ ቀጠለ፣ ገበያው ግን አልተዘጋም። የፖሊስ አዛዡ ዳሪል ጌትስ ልጆቹ ሳይጀምሩ፣ ገና አንደኛ ደረጃ ሳሉ ልንደርስላቸው ይገባል ብለው ተነሡ። የከተማዋ ትምህርት ቤቶች አስተዳደርም ተስማማ።

ትምህርቱን የቀረጹት በዚያው አስተዳደር የጤና ትምህርት ባለሙያ የነበሩት ሩት ሪች ናቸው። ብዙውን ነገር የወሰዱት የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጊዜው ይሞክሩት ከነበረ ፕሮግራም ነው። ያ ሙከራ ሁለት መልክ ነበረው። አንደኛው የልጁን ስሜትና ለራሱ ያለውን ግምት ማጠንከር ላይ ያተኩራል። ሁለተኛው ደግሞ የጓደኛን ግፊት መቋቋምን ያስተምራል። ዴር ከሁለቱም ወሰደ። ችግሩ ሙከራው ገና አለማለቁ ነበር። ውጤቱ ከዓመታት በኋላ ሲወጣ ስሜት ላይ ያተኮረው ክፍል እንዳልሠራ ታየ። እንዲያውም ወደ ተቃራኒው አዘንብሏል። በዚያን ጊዜ ግን ዴር በአገር ደረጃ ሥር ሰዷል። ማቆምም ማስተካከልም ከባድ ሆነ።

አሠራሩ ቀላል ነበር። አንድ ፖሊስ ዩኒፎርሙን ለብሶ በሳምንት አንድ ቀን ክፍል ይገባል። ትምህርቱ 17 ክፍለ ጊዜ አለው። ተማሪዎቹ 5ኛ ወይም 6ኛ ክፍል ናቸው፤ 10፣ 11፣ 12 ዓመት። ፖሊሱ ለዚህ ሥራ የ80 ሰዓት ሥልጠና ወስዷል። ዕፅና መጠጥ በሰውነት ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት ያስረዳል። ሰው ሲጋብዛችሁ እንዲህ በሉ ይላል። መጨረሻ ላይ ልጆቹ አልነካም የሚል ድርሰት ይጽፋሉ። ምረቃ ይደረጋል። ወላጆች ይጠራሉ፣ ዴር የሚል ጽሑፍ ያለበት ጥቁር ቲሸርት ይታደላል፣ ፎቶ ይነሣሉ።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ያስተማሩት 10 ፖሊሶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ፈጣን ነው። ዘመኑ ኮኬይንና ክራክ የሚባለው የሚጨስ ኮኬይን የአሜሪካ ከተሞችን ያስጨነቁበት ነበር። የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ናንሲ ሬገን በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ ልጆች አይሆንም እንዲሉ ያስተምሩ ነበር። በ1986 ከዕፅ ነፃ ለሆኑ ትምህርት ቤቶች የፌዴራል ገንዘብ የሚመድብ ሕግ ወጣ። ጥቂት ቆይቶም ከገንዘቡ የተወሰነው ዩኒፎርም የለበሰ ፖሊስ ለሚያስተምርባቸው ፕሮግራሞች እንዲውል ተሻሻለ። በ1988 ፕሬዚዳንት ሬገን ብሔራዊ የዴር ቀን አወጁ። በ1990ዎቹ ከአገሪቱ የትምህርት ወረዳዎች ሦስት አራተኛው አካባቢ ዴርን ያስተምሩ ነበር። በዚያ ዘመን አሜሪካ ገብተው የሰፈሩ የብዙ ሀበሻ ቤተሰቦች ልጆችም በዚሁ ክፍል አልፈዋል።

ይህን ያህል ለምን ተወደደ? እኔ እንደሚመስለኝ ሁሉም የሚፈልገውን ስላገኘበት ነው። ወላጅ ልጁ በሕዝብ ፊት ቃል ሲገባ አየ። ፖሊስ ከልጆች ጋር ሰላምታ የሚለዋወጥበት በር ተከፈተለት። መምህር ከባዱን ርዕስ ለሌላ ሰው አስረከበ። ፖለቲከኛው ለልጆች አንድ ነገር እየተደረገ መሆኑን ማሳየት ቻለ። ይህ ሁሉ ዋጋ ያለው ነገር ነው። ነገር ግን አንዳቸውም ቢሆን ልጁ 15 ዓመት ሲሞላው ይጠጣል አይጠጣም ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሆኑም።

ሲለካ

የመጀመሪያው ከባድ ዜና የመጣው በ1994 ነው። ተመራማሪዎች እስከዚያ ድረስ በዴር ላይ ከተሠሩ ጥናቶች ጠንከር ያሉትን ስምንቱን ሰብስበው አንድ ላይ መረመሩ። ልጆቹ ስለ ዕፅ ያላቸው ዕውቀት ጨምሯል። አጠቃቀማቸው ላይ የታየው ለውጥ ግን በጣም ትንሽ ነበር። እርግጠኛ መሆን የተቻለው በሲጋራ ብቻ ነው፤ እሱም ኢምንት ነበር። በመጠጥና በማሪዋና ላይ ምንም የሚያስተማምን ነገር አልተገኘም። እዚያው ጥናት ውስጥ አንድ ሌላ ነገር ነበር። ልጆች ራሳቸው እየተነጋገሩና እየተለማመዱ የሚማሩባቸው ሌሎች ፕሮግራሞች ከዴር በግልጽ የተሻለ ውጤት ነበራቸው።

በ1998 ደግሞ ከኢሊኖይ የስድስት ዓመት ክትትል ወጣ። 36 ትምህርት ቤቶች፣ 1,798 ተማሪዎች። በከተማና በገጠር ልጆች ላይ ለውጥ የለም። በከተማ ዳር በሚኖሩት ላይ ግን ዴርን የተማሩት ካልተማሩት ጥቂት ከፍ ያለ የዕፅ አጠቃቀም አሳዩ።

በጣም የሚታወቀው ጥናት የወጣው በ1999 ነው። ቦታው ኬንታኪ ውስጥ ያለችው ሌክሲንግተን ናት። በ1987 እና 88 የትምህርት ዘመን 6ኛ ክፍል የነበሩ ልጆች ናቸው። በ23 ትምህርት ቤቶች ዴር ተሰጠ። በ8ቱ ደግሞ መምህራኑ በጤና ትምህርት ውስጥ የተለመደውን ያህል ስለ ዕፅ አስተማሩ። ስለዚህ ንጽጽሩ በትምህርትና በባዶ መካከል አልነበረም። በዴርና ያለ ብዙ ድግስ በሚሰጥ ተራ ትምህርት መካከል ነበር። ተመራማሪዎቹ ልጆቹን እስከ 20 ዓመታቸው ተከታተሉ፤ 1,002 ወጣቶችን አገኙ። በሲጋራ ልዩነት የለም። በመጠጥ የለም። በማሪዋና የለም። በአንድ ነገር ግን ልዩነት ታየ። በ6ኛ ክፍል ዴርን የተማሩት በ20 ዓመታቸው ለራሳቸው ያላቸው ግምት በመጠኑ ዝቅ ያለ ነበር። ያንን ግምት ከፍ ማድረግ ከትምህርቱ ዓላማዎች አንዱ እንደነበር አስታውሱ።

ከዚያ በኋላ መንግሥትም ማፈግፈግ ጀመረ። በ2000 የሶልት ሌክ ሲቲ ከንቲባ ሮኪ አንደርሰን ፕሮግራሙን ከከተማቸው አስወጡ። በ2001 የአገሪቱ ዋና የጤና ኃላፊ ዴቪድ ሳቸር ስለ ወጣቶች ሁከት ባወጡት ሪፖርት ዴርን ከማይሠሩት ተርታ አሰለፉት። በ2003 የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት የረጅም ጊዜ ጥናቶቹን አይቶ ተመሳሳይ ድምዳሜ ላይ ደረሰ።

ለምን አልሠራም?

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልቆይ። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ነውና።

የመጀመሪያው ነገር፣ ትምህርቱ በልቡ የያዘው ጋባዥ ሌላ፣ በእውነት የሚጋብዘው ሰው ሌላ መሆኑ ነው። ልጁ እንዲጠነቀቅ የተነገረው ከጥግ ብቅ ብሎ ዕፅ ከሚያቀርብ እንግዳ ሰው ነው። ልጅ የመጀመሪያውን ቢራ የሚያገኘው ግን ብዙ ጊዜ ከሚወደው ሰው እጅ ነው። ከታላቅ ወንድም፣ ከአጎት ልጅ፣ ከልብ ጓደኛ። ከእንግዳ ሰው መሸሽ አያስቸግርም። ጓደኛን ሳያስቀይሙ፣ ከቡድኑም ሳይወጡ አለመጠጣት ግን ከባድ ነው። እሱ ችሎታ ነው፤ በልምምድ የሚመጣ። ፖሊስ ፊት ለፊት ቆሞ ሲናገር መስማት ያንን ችሎታ አይሰጥም።

ሁለተኛው፣ ልጆች ስለ እኩዮቻቸው ያላቸው ግምት ነው። ታዳጊዎች ከእኩዮቻቸው ምን ያህሉ እንደሚጠጣ ሲጠየቁ ከእውነቱ በጣም ያበዙታል። ሁሉም ይጠጣል፣ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ ብሎ የሚያምን ልጅ ደግሞ ለመጀመር ቅርብ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች ይህን ግምት በእውነተኛ ቁጥር ማረም ከሚሠሩት ነገሮች አንዱ ነው ይላሉ። ዴር ግን 17 ሳምንት ሙሉ መጠጥና ዕፅ በየቦታው እንደሚጠብቃቸው ለልጆቹ ሲነግር ከረመ። ልጆቹ ከዚያ ውስጥ የሰሙት ነገር ቢኖር ይህ የተለመደ ነገር ነው የሚለውን ሊሆን ይችላል። የኢሊኖዩን ውጤት ሳይ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ሐሳብ ይህ ነው።

ዕድሜውም አለ። 11 ዓመት ላይ ያለ ልጅ አልነካም ብሎ ሲምል ከልቡ ነው፤ ማንም ገና አልጋበዘውም። ፈተናው የሚመጣው 14 እና 15 ዓመት ላይ ነው። ያን ጊዜ አብሮት ያለ ትምህርት አልነበረም። አንዴ ተወግቶ ለዕድሜ ልክ እንደሚያገለግል ክትባት ነው የታየው።

ሁሉንም በአንድ ድምፅ ማውገዙም ዋጋ አስከፍሏል ባይ ነኝ። ቢራው፣ ሲጋራው፣ ሄሮይኑ እኩል አስፈሪ ሆነው ከቀረቡ፣ ልጁ ቤቱ ሲገባ አባቱ ከእራት ጋር አንድ ቢራ ጠጥቶ በሰላም ሲተኛ ያያል። ከዚያ በኋላ ስለ ሄሮይኑ የተነገረውን እውነት ለምን ያምናል?

ሁለተኛው ሙከራ

የዴር ሰዎች ትችቱን መጀመሪያ አጥብቀው ተከላከሉ። በኋላ ግን ለመለወጥ ተስማሙ፤ ይህንን ላመሰግንላቸው እወዳለሁ። ለጤና ሥራዎች ገንዘብ የሚሰጠው ሮበርት ዉድ ጆንሰን ፋውንዴሽን ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጠ። የአክረን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አዲስ ትምህርት ቀረጹ። አዲሱ የሚሰጠው ለ7ኛ እና ለ9ኛ ክፍል ሆነ። ንግግሩ ቀነሰ፣ ውይይቱ በዛ። አስተማሪው ግን አሁንም ፖሊስ ነበር። በስድስት ከተሞች አካባቢ ወደ 20,000 የሚጠጉ ተማሪዎችን እስከ 11ኛ ክፍል ድረስ ተከታተሉ።

ውጤቱ በ2009 ታተመ። መጀመሪያውኑ ማሪዋና ይጠቀሙ የነበሩ ልጆች መጠቀማቸውን ቀንሰዋል። ሲጀመር ጭራሽ የማይጠጡና የማያጨሱ የነበሩት ልጆች ግን ካልተማሩት በበለጠ ወደ መጠጥና ወደ ሲጋራ ገቡ። አብዛኛው ልጅ ደግሞ ሲጀመር የማይጠጣው ነው። ይህን ያህል ታስቦበት፣ ይህን ያህል ገንዘብ ወጥቶበት የመጣ ውጤት ነው። ማስተማር ቢያንስ አይጎዳም የሚለው እምነታችን ሁልጊዜ ትክክል አለመሆኑን እዚህ ላይ አየሁ።

ከዚያ ዓመት ወዲህ ዴር ኪፒን ኢት ሪል የተባለ ሌላ ትምህርት ተቀብሏል። መሠረቱ አሪዞና፣ ፊኒክስ ነው። እዚያ ሲሞከር ልጆቹ አብዛኞቹ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ነበሩ። ቪዲዮዎቹን የሠሩት የዚያው ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው፤ በሰፈራቸው ቋንቋ፣ በሰፈራቸው ወግ። አራት መንገድ ያስተምራል፦ እምቢ ማለት፣ ምክንያት መንገር፣ ከቦታው መራቅ፣ ትቶ መሄድ። ጥሩ ውጤት ታይቶበታል። ሆኖም ሙከራው የተደረገው በመለስተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ፣ በመደበኛ መምህራን ነበር። ያንን በፖሊስ፣ በሌላ ዕድሜ፣ በሌላ ከተማ መስጠት ሌላ ነገር ነው። ራሱን ችሎ መለካት አለበት።

የተሻለ የሠራውስ?

በዚያው ዘመን ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጊልበርት ቦትቪን ላይፍ ስኪልስ የተባለ ትምህርት ይሞክሩ ነበር። ለ7ኛ ክፍል 15 ክፍለ ጊዜ፣ ለ8ኛ 10፣ ለ9ኛ 5። ማለትም ልጁ በጣም በሚጋበዝባቸው ዓመታት ሁሉ ትምህርቱ አብሮት አለ። ልጆቹ ጭንቀትን መቋቋም፣ መወሰን፣ ከሰው ጋር መግባባት በተግባር ይለማመዳሉ። በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት 56 ትምህርት ቤቶች ውስጥ የተጀመረው ሙከራ በ1995 ውጤቱ ወጣ። ልጆቹ 12ኛ ክፍል ሲደርሱ ትምህርቱን ያገኙት በሲጋራ፣ በመጠጥና በማሪዋና አጠቃቀም ከሌሎቹ ያነሱ ነበሩ። ይህ በተለይ የታየው ትምህርቱ በተጻፈው መሠረት በአግባቡ በተሰጠባቸው ክፍሎች ነው። ማለትም መምህሩ በቂ ሥልጠና ካላገኘ ወይም ግማሹን ከዘለለ ጥቅሙ ይጠፋል።

አይስላንድ ደግሞ ከክፍል ወጥታ ሠራች። በየዓመቱ ተማሪዎቿን ስም ሳይጻፍ ትጠይቃለች። ውጤቱ ለየትምህርት ቤቱና ለየወላጁ በፍጥነት ይመለሳል። የስፖርትና የሙዚቃ ክለብ ለልጆች በገንዘብ ተደገፈ። ወላጆች በማታ ሰዓት ገደብ ተስማሙ። በ1998 ከ15 እና 16 ዓመት ልጆች 42 ከመቶው ባለፈው ወር ሰክሬያለሁ ብለው ነበር። በ2016 ወደ 5 ከመቶ ወረደ። የትምህርት ቤት ትምህርት ብቻውን ይህን አያመጣም። ርዕሰ መምህራን ሁሉ ይህን ቢያውቁት እወዳለሁ፤ ብቻቸውን ሊሸከሙት የማይገባ ሸክም ነው የተጫነባቸው።

ወደ እኛ ስናመጣው

እኛ አገር የተለመደው ነገር አለ። ዓለም አቀፉ የፀረ ዕፅ ቀን ሰኔ 19 ወይም አንድ ሌላ ቀን ይመረጣል። ከጤና ቢሮ ወይም ከፖሊስ ሰው ይመጣል። ተማሪው ሜዳ ላይ ተሰልፎ ይሰማል። የተቃጠለ ሳንባ ፎቶ ይታያል፣ ሚኒ ሚዲያው ግጥም ያቀርባል፣ ጭብጨባ ይሆናል። ከዚያ በኋላ እስከ ሚቀጥለው ዓመት ዝም። ከዴር ጋር ሲተያይ የእኛው ያነሰ ትምህርት ነው፤ 17 ሳምንት እንኳን አይሞላም። በ17 ሳምንት ያልተገኘ ነገር በአንድ ጠዋት ይገኛል ብዬ አላምንም።

ሕጉ ከሞላ ጎደል አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥም ከልክሏል። ትልቅ ሥራ ነው። ግን አዋጁ የሚደርሰው ሻጩ ጋ ነው። የእኛ ልጅ የመጀመሪያዋን ጠላ የሚቀምሰው ከሻጭ ገዝቶ አይደለም። በዓመት በዓል፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ አንድ የሚወዱት ትልቅ ሰው ብርጭቆውን እየሰጡት፣ «እንካ ቅመስ እንጂ፣ በዓል አይደል እንዴ!» ይሉታል። ለትልቅ ሰው እምቢ ማለት ደግሞ በእኛ ቤት ነውር ነው። ከውጭ አገር የመጣ አይሆንም በል የሚል ትምህርት እዚህ ጋ አይረዳውም። ልጁ «እማማ፣ ይቅርብኝ፤ ውሃ ይሻለኛል» ብሎ በአክብሮት ማምለጥን መለማመድ አለበት። እሱ በተለማመደው ላይ ወላጁም ለዘመድ አስቀድሞ መናገር አለበት።

ጫቱም እንዲሁ። 11ኛና 12ኛ ክፍል ላይ የሚጋብዘው የጥናት ጓደኛ ነው። «ለፈተና ይረዳል፣ እንቅልፍ ያባርራል» ነው ግብዣው። ማታ ምርቃናውን ለማብረድ ጨብሲ ይከተላል፤ መጠጡ የሚገባውም በዚያ በኩል ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ስለ ካንሰር ብቻ አውርቶ መሄድ የለበትም። እንዴት እንደሚጠና፣ መቼ እንደሚተኛ፣ በርጫ ካለበት ቡድን ሳይጣሉ እንዴት እንደሚወጣ ማስተማር አለበት። አስተማሪዎቹም ልጆቹ የሚያምኗቸው መምህራን ቢሆኑ፣ የበላይ ክፍል ተማሪዎችም ቢያግዟቸው ይሻላል።

አንድ ትምህርት ቤት ነገ ልጀምር ቢል፣ ከምንም በፊት ልጆቹ መጠጥና ዕፅ ይጠቀሙ እንደሆነ የሚጠይቅ መጠይቅ እንዲያዘጋጅ እመክራለሁ። 7ኛ ክፍል መጀመሪያ ላይ ይሞላል፤ 9ኛ እና 11ኛ ላይ ይደገማል። ትምህርቱ ገና ያልደረሰበት አንድ ጎረቤት ትምህርት ቤትም በዚያው ቀን ይሙላ፤ ያለ እሱ ንጽጽር የለም። ስም አይጻፍበትም። ወረቀቱ እዚያው ክፍል ውስጥ በፖስታ ይታሸግና በቀጥታ ወደሚቆጥረው ሰው ይሄዳል፤ በርዕሰ መምህሩ ቢሮም በፖሊስ ጣቢያም አያልፍም። ይህም ልጆቹ እስክሪብቶ ከማንሣታቸው በፊት በግልጽ ይነገራቸው።